«እስቲ ይታይ» ተብሎ የተበተነ ስብሰባ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለንደን አውቶቡስ እነዳለሁ። ኋይትሆል ቁጥር 70 ላይ «ካቢኔ ኦፊስ» የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እዚያው አጠገብ ናቸው፤ ሚኒስትሮቹም የየራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። ታዲያ ይሄኛው ምን ይሠራል? እርስዎ ዕድሜዎን ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ስለኖሩ ነው የጠየቅኩዎት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የድሮ ጣጣዬን አስታወስከኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ለአራት መኪና ጎማ ይገዛ አይገዛ ተብሎ ሁለት ሰዓት ክርክር ተደረገ። መጨረሻ ላይ አለቃችን «እስቲ ይታይ» ብለው ተነሡ። ንብረት ክፍል «ተፈቀደ» ብሎ ገዛ። ሒሳብ ክፍል «ተከለከለ» ብሎ አልከፍልም አለ። ቃለ ጉባኤው ይምጣ ተባለ። የኔ ሰባት ገጽ መጣ፤ እገሌ ይህን አለ፣ እገሊት ይህን መለሰች። ምን እንደተወሰነ ግን አንድ መስመር የለም! ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

እንግሊዞቹም ከኛ አይሻሉም ነበር። እስከ 1916 እ.ኤ.አ. ካቢኔያቸው ቃለ ጉባኤ አይዝም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለንጉሡ ደብዳቤ ይጽፋል፣ በቃ። በጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ዘመን የአንድ ሚኒስትር፣ የሎርድ ሃርቲንግተን ጸሐፊ «ለመሆኑ ምን ተወሰነ?» ብሎ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጸሐፊ ጽፏል። አለቃው ስብሰባው ላይ ተቀምጦ ነበር እኮ!

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲከፋ ግን በ«ይታይ» መኖር አልተቻለም። ሎይድ ጆርጅ በዲሴምበር 1916 የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን እንደያዘ ሞሪስ ሃንኪ የሚባል መኮንን የካቢኔው ጸሐፊ ሆነ። ካቢኔ ኦፊስ የሚጀምረው ከዚህ ሰውዬ ነው። በ1922 ሎይድ ጆርጅ ሲወርድ ጽሕፈት ቤቱ ይዘጋ ያሉ ብዙ ነበሩ። ተተኪው ቦናር ሎው ሠራተኛ ቀነሰ እንጂ አልዘጋውም። ሃንኪም እስከ 1938 እዚያው ወንበሩ ላይ ቆየ።

ዛሬ ሥራው ሰፍቷል፤ ዋናው ግን ያው ነው። አጀንዳ ያዘጋጃል፣ ሰነዱን ቀድሞ ለሚኒስትሮቹ ያድላል። ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ገንዘብ ሚኒስቴር አይቶታል ወይ ይላል። ሁለት ሚኒስቴሮች ከተጣሉ ካቢኔው ፊት ሳይቀርቡ ለማስማማት ይሞክራል። ከዚያ የተወሰነውን ጽፎ ለሚፈጽመው ይልካል፣ ይከታተላል። ዜና ላይ «ኮብራ ተሰበሰበ» ሲሉ ደግሞ እባብ እንዳይመስልህ፤ የዚሁ ቤት የስብሰባ ክፍሎች ስም በአጭሩ ነው።

እኛም ጽሕፈት ሚኒስቴር ነበረን፤ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የሚጻፍበት። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ያንን ማዕረግ እንደያዙ ነው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት። ጸሐፊነት ትንሽ ሥራ የሚመስላቸው ሰዎች ይገርሙኛል።

ጎማዎቹ? በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳ አንድ፦ «ይታይ» ሲባል ምን ማለት ነው? አለቃችን «ይገዛ ማለቴ ነበር» አሉ። በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት።