የሹመት ድርድር ስታዩ ማን ቀድሞ እንደሰጠ ቁጠሩ

ሕግ ለምትማሩ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ቢሮዎች ለመሥራት ለምታስቡና የዋሽንግተንን ዜና ለምትዘግቡ ወጣቶች።

ዋይት ሀውስና ሴኔቱ በሹመት ጉዳይ ተስማሙ በተባለ ቁጥር አንዱ ያጨበጭባል፣ ሌላው «ተሸጥን» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ወረቀቱን አላዩትም። መጠርጠራችሁን አትተዉ፤ የሰዎቹን ልብ መመርመር ግን አድካሚ ነው፣ ፍሬም የለውም። የልውውጡን አሠራር መርምሩ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት መሻር መኖሩን ቆጥሮ የተነገረ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ግን ካልሞተ፣ በፈቃዱ ካልለቀቀ ወይም በምክር ቤት ተከስሶ ካልተወገደ ወንበሩ የእሱ ነው። በድርድሩ አንዱ ወገን ተመልሶ የማይወሰድ ነገር ያስረክባል። ሌላው የሚያስረክበው «ከእንግዲህ አላደርግም» የሚል ቃል ነው። ጠቡ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በ2004 (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፕሬዚዳንት ቡሽ ሴኔት ውስጥ የታገዱ ሁለት ዕጩዎችን፣ ቻርልስ ፒከሪንግንና ዊሊያም ፕራየርን፣ ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ሳለ ያለ ሴኔቱ ድምፅ ለጊዜው ሾሟቸው። ዲሞክራቶቹ ተቆጥተው የዳኞችን ሹመት አቆሙ። በግንቦት ተስማሙ፦ ብዙ ክርክር የሌለባቸው 25 ዕጩዎች ድምፅ ይሰጥባቸዋል፣ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በቀረው የሥራ ዘመን በዕረፍት ጊዜ ዳኛ አይሾምም። ቁጥር አለው፣ ማብቂያ አለው። ዕጩዎቹም አንድ በአንድ ስለሚያልፉ ፕሬዚዳንቱ ቃሉን ቢያጥፍ የቀሩትን ማስቆም ይቻላል። ስምምነቱ የጸናውም ለዚህ ነው።

የ2005ቱን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ዲሞክራቶቹ ዕጩዎችን በፊሊባስተር፣ ማለትም ክርክር ለመዝጋት የሚያስፈልገው 60 ድምፅ እንዳይሞላ በማድረግ፣ ያግዱ ነበር፤ ሪፐብሊካኖቹም ደንቡን ለውጠን ይህን እናስቀራለን ብለው ዝተው ነበር። ሰባት ሪፐብሊካንና ሰባት ዲሞክራት ሴናተሮች ግንቦት 23 ስምምነት ፈረሙ። ሰባት ለምን? ሪፐብሊካኖቹ 55 ነበሩ፤ ሰባት ሲቀነሱ 48 ይቀራሉ፣ ደንብ ለመለወጥ አይበቃም። የዲሞክራቶቹ ወገን 45 ነበር፤ ሰባት ሲቀነሱ 38፣ ፊሊባስተር ለማስቀጠል የሚያስፈልገው ደግሞ 41። ሒሳቡ እንከን የለውም። ቃላቱን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ከታገዱት ዕጩዎች ኦወን፣ ብራውንና ፕራየር ድምፅ ያገኛሉ፤ ስማቸው ተጽፏል። ሌሎቹን ሁለቱን፣ ማየርስንና ሳድን፣ በተመለከተ ፈራሚዎቹ ምንም ቃል አልገቡም። ወደፊት ፊሊባስተር የሚፈቀደው «ልዩ ሁኔታ» ሲያጋጥም ነው፤ ልዩ የሚሆነው ምን እንደሆነ እያንዳንዱ ፈራሚ በራሱ ኅሊና ይወስናል። ፕሬዚዳንቱ ዕጩ ከመላኩ በፊት ሴናተሮችን እንዲያማክር «እናበረታታለን» ይላል። ዋይት ሀውስ አልፈረመም፤ ማበረታታት ደግሞ ማንንም አያስርም። ሦስቱ ዳኞች በ17 ቀን ውስጥ ጸደቁ። ደንብ አንለውጥም የሚለው ቃል ግን የዚያ ምክር ቤት ዘመን እስኪያልቅ፣ እስከ ጥር 2007 መግቢያ ብቻ ነበር። ፕራየርንም ልብ በሉት፦ ሹመቱ የ2004ቱን ጠብ ካስነሱት አንዱ ነው፣ በ2005 ስምምነት ደግሞ የዕድሜ ልክ ወንበር አገኘ።

ስለዚህ ስምምነት ሲወጣ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ ጎን እያንዳንዱ ወገን የሚሰጠውን፣ በሌላው የሚሰጥበትን ቀን ጻፉ። ቀን የሌለው መስመር ላይ ክበብ አድርጉ። ስም ያላቸውን ዕጩዎች «ወደፊት የሚመጡ» ከተባሉት ለዩ። ቃል የተገባው ነገር ዋጋ እንዳለውም ጠይቁ። ለምሳሌ በዕረፍት ጊዜ አልሾምም ማለት በ2004 ትልቅ ነገር ነበር። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ10 ቀን ያነሰ ዕረፍት በመደበኛው ለዚህ እንደማይበቃ ወሰነ፤ ሴኔቱም በየሦስት ቀኑ ለደቂቃ እየተሰበሰበ ዕረፍቱን ይቆራርጠዋል። ዛሬ ያንን ቃል የሚሰጥ ፕሬዚዳንት ብዙም የሚያጣው የለም። አሁን ዋናው መገበያያ ሰዓት ነው፦ ክርክር ይዘጋ ከተባለ በኋላ ለወረዳ ፍርድ ቤት ዕጩ 2 ሰዓት፣ ለይግባኝ ሰሚ ዕጩ እስከ 30 ሰዓት የሴኔቱን ጊዜ መያዝ ይቻላል።

ከተጻፈው ይልቅ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ያልተጻፈው ነው። በሐምሌ 2013 ለሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ኃላፊነት የታጨው ሪቻርድ ኮርድሬይና ሌሎች የአስፈጻሚ አካል ዕጩዎች እንዲያልፉ ሁለቱ ፓርቲዎች ተስማሙ፤ ዋይት ሀውስም ለሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ያቀረባቸውን ሁለት ሰዎች ቀየረ። ስለ ዳኞች ግን ስምምነቱ ዝም አለ። በዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሦስት ክፍት ወንበሮች ነበሩ፤ ሦስቱም ዕጩዎች በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ታገዱ። ኅዳር 21 ዲሞክራቶቹ በ52 ለ48 የ60 ድምፁን ግዴታ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት በስተቀር ለሁሉም ሹመት አነሱት። ከስምምነቱ አራት ወር አልፎት ነበር። ሪፐብሊካኖቹም በሚያዝያ 2017 ያንኑ መንገድ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ተጠቀሙበት።

አንድ ተንኮል የማይመስል ነገር አለ፣ ጀማሪዎችን ያሳስታል። በሴኔቱ ደንብ ምክር ቤቱ ከ30 ቀን በላይ ሲያርፍ ያልተወሰነባቸው ዕጩዎች፣ ሁሉም አባላት እንዲቆዩ ካልተስማሙ በቀር፣ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይመለሳሉ። በኮንግረስ ድረ ገጽ ላይ የዕጩውን ቁጥር ስትከፍቱ «ተመልሷል» የሚል ብታገኙ ስምምነቱ ፈረሰ ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የዕረፍቱን ቀን እዩ፤ ቀጥሎም ፕሬዚዳንቱ ያንኑ ስም መልሶ መላኩን አጣሩ።