አመዱንና ሎሚውን አስቀምጪው

እህቴ፣ «ከአያቴ ሣጥን የወጣ የምኒልክ ብር ጠቁሯል፤ ከመሸጤ በፊት በአመድና በሎሚ ልወልውለው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ኧረ በፍጹም! እኔ ወልውዬ የከሰርኩ ሰው ነኝ።

ከዓመታት በፊት የ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ብር እጄ ገባ። እንደ ያንቺው ጠቁሮ ነበር። በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ብሩሽ ግማሽ ሰዓት ፈተግኩት። መስታወት መሰለ። ደስ ብሎኝ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ለአንድ ሰብሳቢ አሳየሁት። ሰውየው ማኪያቶውን ገፋ አደረገና ብሩን በጠርዙ ይዞ ወደ ፀሐይ ቀስ እያለ አዘነበለው። «የንጉሡን ጉንጭ እየው» አለኝ። አየሁት። ከዘውዱ እስከ ጢሙ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች። የብሩሼ ዱካ ነው። ካሰብኩት ዋጋ ግማሹን እንኳ አልሰጠኝም።

ጥቁሩ ነገር እድፍ አይደለም። ብሩ አየርና ጭስ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተዋህዶ የሠራው ስስ ሽፋን ነው። ስትፈትጊው ብሩም አብሮ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ከፍ ከፍ ያለው ነው፣ ዘውዱና የአንበሳው ጋማ። አመድ ደግሞ ደቃቅ አሸዋ በይው። እጅ ያልነካው ሳንቲም ላይ ስታዘነብዪው ብርሃኑ እንደ ብስክሌት ጎማ ይዞራል። የተፈተገው ሁሉም ቦታ እኩል ያብለጨልጫል፣ ግን ብርሃኑ ደርቆ ይቀራል። ውጭ አገር ያሉት እነ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉ የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ለሳንቲም ከ1 እስከ 70 ደረጃ ይሰጣሉ። ክፉኛ ለተፈተገ ግን ቁጥሩን ይነፍጉትና «ጸድቷል» ብለው ይጽፉበታል፣ በቃ።

ቀዳዳ ወይም የማንጠልጠያ ብየዳ ካለውማ ዋጋው የባሰ ይወርዳል። እኛ አገር ሴቶች አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ስለነበር እንዲህ ያለው ብዙ ነው። አንጥረኛ ጋ ወስደሽ ቀዳዳውን እንዳታስደፍኚ፣ ሁለተኛ ጉዳት ነው። (እኔ በግሌ የተበሳውን እወደዋለሁ፤ የማን አንገት ላይ ነበር እያልኩ። ገበያው ግን ለኔ ስሜት አይከፍልም።)

ማርትሬዛ፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር፣ ቢሆን ነገሩ ይቀላል። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በዚያው በሞተችበት በ1780 (እ.ኤ.አ.) ቁጥር ሲመታ ስለኖረ፣ ተራው የሚሸጠው ውስጡ ባለው የብር ማዕድን ዋጋ ነው፤ 28 ግራም ገደማ፣ 83 በመቶው ብር። እሱ ቢፈተግም ያን ያህል አያስለቅስም።

ያንቺው ጭቃ ከያዘ ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ ውሃ) ውስጥ ንከሪውና ለስላሳ ጨርቅ ላይ ይድረቅ። እንዳታሺው። ቅባት ካለው ንጹሕ አሴቶን ያስለቅቀዋል፣ መስኮት ከፍተሽ፣ ከእሳት ርቀሽ። ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አይሆንም፣ ሽቶና ቀለም ተቀላቅሎበታል። ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥም አታቆዪው፤ ሲውል ሲያድር አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣበታል።

አሁን ሁለቱንም ፊት ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። ስታነሺው ታዲያ በጠርዙ ያዢው፣ ጣትሽ ጉንጩ ላይ እንዳያርፍ።