አስመሳዩን ልይ ወይስ ሽማግሌውን?

ጥያቄ፦

አቦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ ነኝ። አሜሪካ የሚኖረው ልጄ ዘንድሮ ልጠይቀው ስሄድ ሙዚቃ ሊያሳየኝ አስቦ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። አንደኛው እርሱ ባለበት ከተማ፣ በትንሽ አዳራሽ የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የኢግልስን ዘፈኖች ብቻ እያስመሰለ የሚጫወት ባንድ ነው። ሁለተኛው ላስ ቬጋስ ድረስ ሄደን ራሱን ኢግልስን ማየት ነው፤ የዚህኛው ትኬት ዋጋ ግን የእኔን የብዙ ወር ጡረታ ይበላል። ባለቤቴ «አንዱ ውሸታም፣ ሌላው ሽማግሌ፤ ቤትህ ቁጭ ብለህ ካሴትህን ስማ» ትለኛለች። የእነሱን «ሆቴል ካሊፎርኒያ» መጀመሪያ የሰማሁት በ1972 ዓ.ም. እዚሁ ከዚራ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ባንድ ሲጫወተው ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲጫወተው እንደዚያ ሆኖ አልተሰማኝም። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ሳቅሁ። በዚያ ዓመት ከዚራ ውስጥ ያንን ዘፈን የሚደፍር ሌላ ባንድ አላስታውስም። በስተግራ ቤዝ ጊታር ይዞ የቆመው ቀጭን ልጅ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከምክሩ በፊት ኑዛዜ አለብኝ።

ዘፈኑን ያገኘነው አንዲት ነጋዴ ከጅቡቲ በባቡር ስትመጣ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላ ካመጣችው ካሴት ነው። የነበረን ቴፕ አንድ ነው፤ እሱም በድሬዳዋ ሙቀት ብዙ ዓመት የኖረ። ሞተሩን ከካሴቱ ማዞሪያ ጋር የምታገናኘው ላስቲክ፣ እናንተ ወርክሾፕ ውስጥ ቺንጊያ የምትሉት ዓይነት፣ ላልታ ነበር። ላስቲኳ ስትላላ ካሴቱ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደግሞ ድምፁ ይወርዳል። እኛ ይህን መች አውቀን! ጊታሪስታችን ጆሮው ቀጥ ያለ ስለነበር ክሮቹን እያላላ ከሰማው ጋር አስማማቸው፤ ከዋናው ግማሽ ድምፅ (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት) ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ግማሽ ድምፅ ለመውረድ ፍጥነቱ ከመቶ ስድስት ያህል ቢቀንስ ይበቃል። ስድስት ደቂቃ ተኩል የሚፈጀው ዘፈን በእኛ እጅ ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር የሚያልቀው። ዘፋኛችን እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ቃላቱን እንደሰማቸው በግዕዝ ፊደል ደብተር ላይ ጻፋቸው። ደብተሩን ዓይቼዋለሁ። ትርጉም ያለው ቃል «ካሊፎርኒያ» ብቻ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ እኛም ዘፈኑን በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ እንጫወተው ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ወዳጃችን ሸክላውን አመጣልን። በትክክለኛ ፍጥነቱ ስንሰማው አንገታችንን ደፋን። ሳምንቱን ሙሉ አጥንተን፣ ቅኝቱን አርመን ቅዳሜ ወጣን። ገና ግማሹ ላይ ስንደርስ ዘወትር የማይቀር አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ከጭፈራው መሀል ወደ መድረኩ መጥቶ «ምን ነካችሁ? ዛሬ ተጣደፋችሁ፤ እንደ ድሮው አድርጉት» አለን። አደረግነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ «ሰው ዋናውን ይፈልጋል» ሲሉኝ አላምንም፤ ሁሉም መጀመሪያ ጆሮው የገባውን ነው የሚፈልገው።

አስመሳይ ባንዶች የሚኖሩት በዚህ ነው። ሸክላው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ድምፅ እየለቀሙ ያጠናሉ፤ ለአድማጩ ጆሮው የለመደውን ያስረክቡታል። አውስትራሊያ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የተቋቋመው የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ አስመሳይ ቡድን በዚህ ተክኖ፣ የራሱ የፒንክ ፍሎይድ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር 50ኛ ልደቱን ሲያከብር ጋብዞ አጫውቷቸዋል። ማኒላ ውስጥ የአሜሪካውን ሮክ ባንድ የጆርኒን ዘፈኖች ይዘፍን የነበረውን አርኔል ፒኔዳን ደግሞ የጆርኒ ጊታሪስት በ2007 ዩቲዩብ ላይ አይቶ የቡድኑ ዋና ዘፋኝ አደረገው። ወደ እኛም ቢመጡ፣ ከፈረንሳይ ብሬታኝ የመጡት የባዱሜ ባንድ ልጆች የአገራችንን የድሮ ሙዚቃ ከሸክላ እየለቀሙ አጥንተው ማሕሙድ አሕመድንና አለማየሁ እሸቴን አጅበዋል።

ስለዚህ «ውሸታም» የሚለውን ባለቤትዎ ያንሱልኝ። አስመሳይ ነኝ ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈ ሰው ማንን ዋሸ? ውሸት ከፈለጉ በየሠርጉ የጨፈርንበትን ቦኒ ኤም ይመልከቱ። መድረክ ላይ የሚወዛወዘው ቦቢ ፋረል ነበር፤ በሸክላው ላይ ያለው የወንድ ድምፅ ግን የአዘጋጁ የፍራንክ ፋሪያን ነው። ቡድኑ ከተበተነ በኋላ ደግሞ የቀድሞ አባላቱ ለየብቻ ስሙን ይዘው ዞሩ። ከእነዚያ ሁሉ የትኛው ዋና እንደነበረ የሚዳኝ ሽማግሌ ካለ እጁን እስማለሁ።

የኢግልስ ነገር ግን ሌላ ነው። በ1980 ተጣልተው ተበተኑ። መቼ ትመለሳላችሁ ሲባል ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ከበሮ መቺውና ዘፋኙ ዶን ሄንሊ «ሲኦል በረዶ ሲሆን» ይል ነበር። በ1994 ሲመለሱም ይህንኑ የአልበማቸው ስም አደረጉት። ያኔ የእርስዎን ዘፈን እንዴት እንደተጫወቱት ቪዲዮውን ይፈልጉና ይዩ። የኤሌክትሪክ ጊታሩን ትተው፣ በናይለን ክር ጊታር የስፔን የሚመስል ረጅም መግቢያ አስገቡለት፤ ሕዝቡ ምን ዘፈን እንደሆነ ቆይቶ ገባውና ጮኸ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ከሸክላቸው ሸሹ ማለት ነው፤ አስመሳይ ይህን አይደፍርም። ሌላው መሥራችና ዘፋኝ ግሌን ፍሬይ በ2016 ሞተ፤ በዓመቱ ልጁ ዲከን ገብቶ የአባቱን ድርሻ ዘፈነ። ያ ልጅ አስመሳይ ነው? እኔ ሲዘፍን ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ በላይ አልመረመርኩም። ከመሥራቾቹ አሁን መድረክ ላይ የቀረው ሄንሊ ብቻ ነው፤ እሱም በ1947 የተወለደ ስለሆነ «ሽማግሌ» ላይ ባለቤትዎ አልተሳሳቱም።

አሁን ወደ ምርጫው። ዘፋኝ ሲያረጅ ከፍ ያለው ድምፅ እምቢ ይለዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ አንጋፋዎች የድሮ ዘፈናቸውን ግማሽ ድምፅ፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይጫወቱታል። አስመሳዮቹ ወጣቶች ኩራታቸው ሸክላው ስለሆነ ንቅንቅ አይሉም። የእርስዎ ጆሮ ደግሞ በእኛ ጥፋት ዘፈኑን የለመደው ዝቅ ብሎ ነው። እንግዲህ ሄንሊም እንደ እኩዮቹ አውርዶት ከሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር የ1972ቱን ከዚራ የሚያገኙት ላስ ቬጋስ ነው፤ የእኛ ላስቲክ በሙቀት የሠራውን እሱ ዕድሜ ይሠራለታል።

ልጅዎ ሳይበደር ከቻለ ወደዚያ ይሂዱ። ብድር ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ትንሿን አዳራሽ ይምረጡ፤ የድምፅ ባለሙያው ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጡ፣ ድምፁ የሚጠራው እዚያ ነው። በእረፍት ሰዓት ጊታሪስቱን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ያቺን ዘፈን ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ትንሽም ዘግየት አድርጉልኝ» ይበሉት። ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይዎ ይጻፉልኝ።

ለባለቤትዎ ሰላምታዬን ያድርሱ። ስለ ካሴቱ የተናገሩትም የሚጣል አይደለም። የቤትዎ ቴፕ ላስቲኩ ላልቶ ከሆነ አያስቀይሩት።