የአባቷ ሸክላና የክላውኑ ኦርጋን

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 41 ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን ባለትዳርና የአንዲት የ5 ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ሙዚቃ ነፍሴ ነው። ከአባቴ የወረስኳቸው የጥላሁን ገሠሠና የብዙነሽ በቀለ ሸክላዎች አሉኝ፤ ከሁሉም የምሳሳለት ግን ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ የሙላቱ አስታጥቄ ሸክላ ነው። ልጆች ሳለን አባቴ እሁድ ከሰዓት ሸክላ ሲከፍት ትንፍሽ አንልም ነበር። እናቴ ብቻ ቡና እየቆላች ታንጎራጉራለች። ልጄም ሙዚቃ እየሰማች እንድታድግ ብዬ ስከፍትላት ግን ጆሮዋን ይዛ ‹አባዬ ዝጋው› ትለኛለች።

በቅርቡ የባለቤቴ እህት ልጅ ልደት ላይ ክላውን ተጠርቶ ነበር። ኦርጋኑን ከፍቶ ‹ኩሉን ማን ኳለሽ›ን ጀመረ፤ ቃሉን ግን ‹ጥርስሽን ማን ፋቀሽ› ብሎ ቀይሮታል። ልጄ ከሁሉም ፊት ወጥታ ትጨፍራለች። ደሜ ፈላ። የመጀመሪያውን ስንኝ እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ልጄን አንጠልጥዬ እያለቀሰች ይዣት ወጣሁ። ባለቤቴ ‹በቤተሰቤ ፊት አዋረድከኝ፤ በክላውን ትቀናለህ› ብላ ይኸው ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች። ከትናንት በስቲያ ያንኑ ዜማ ከሙላቱ ሸክላ ላይ ስከፍት ልጄ ከጓዳ እየሮጠች መጣችና ‹የክላውኑ ዘፈን!› አለች። አጠፋሁት። ጥፋቱ የኔ ነው?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ቆም ያልኩት ልደቱ ላይ ሳይሆን መጨረሻው ላይ ነው። ሸክላ ሲከፈት ጆሮዋን የምትይዘው ልጅ ሸክላ ሰምታ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ሲመኙት የኖሩት ነገር ሳሎንዎ ድረስ መጣልዎት፤ እርስዎ ግን የጠራችበት ስም አስከፋዎትና አጠፉት።

ለጥያቄዎ በቀጥታ ልመልስ። ማዘንዎ ጥፋት አይደለም። የሚወዱት ዜማ ያልጠበቁት ቦታ፣ ባልጠበቁት ቃል ሲዘፈን ሆድ ቢብስዎ የሚገባኝ ነገር ነው። ልጅቷን ከጭፈራው መሃል አንጠልጥሎ መውጣት ግን ጥፋት ነው። የ5 ዓመት ልጅ ስለ ሙዚቃ ክብር የምታውቀው የለም። የገባት ነገር ቢኖር ደስ ብሏት ስትጨፍር አባቷ እንደተቆጣ ብቻ ነው። ያንን ካላስረዷት «ስደሰት አባዬ ይናደዳል» ብላ ልትይዘው ትችላለች።

አሁን ወደ እናትዎ ልውሰድዎት። «እናቴ ብቻ ቡና እየቆላች ታንጎራጉራለች» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፏቸውን ማለቴ ነው። ሸክላውን የሚከፍቱት አባትዎ ነበሩ። ዝም በሉ የሚሉትም እሳቸው ነበሩ መሰለኝ። በዚያ ቤት ዜማውን በአፋቸው ይዘው ወደ እናንተ ያመጡት ግን እናትዎ ናቸው። እርስዎን ያስተማረዎት የትኛው ነው? ዝምታው ነው ወይስ ከምጣዱ አጠገብ ይሰማ የነበረው ድምፅ?

ይህን ያለምክንያት አልጠየቅኩም። በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአሜሪካ ተመራማሪዎች የ5 ወር ሕፃናትን ይዘው አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ለአንዳንዶቹ ሕፃናት ወላጆቻቸው አንድ አዲስ ዜማ ቤት ውስጥ ደጋግመው ዘፈኑላቸው፤ ሌሎቹ ያንኑ ዜማ ከመጫወቻ ዕቃ ሰሙት። በኋላ የማያውቁት ሰው ያንን ዜማ ከዘፈነላቸው በኋላ፣ ከወላጅ አፍ የሰሙት ዘፋኙን ሌላ ዜማ ከዘፈነው ሰው ይልቅ ትኩር ብለው አዩት። ከመጫወቻ ዕቃ የሰሙት ግን እንዲያ አላደረጉም። ዜማው አንድ ነው፤ ጆሯቸውም ያውቀዋል። ልዩነቱ ከማን እንደሰሙት ነው። ለልጅ ዘፈን ከሰው ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ልጅዎም «የክላውኑ ዘፈን» ስትል ዘፈኑን በባለቤቱ እየጠራች ነው፤ ዓይኗን እያየ የዘፈነላትና አጨብጭቢ ያላት ሰው እሱ ነዋ። በእርስዎ ዘንድ ግን ሙዚቃ ሲከፈት ምን ትባላለች? ደብዳቤዎ ላይ አልጻፉትም፤ ያደጉበትን ቤት ሳስብ ግን «ዝም ብለሽ ስሚ» የምትባል ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ።

ስለ ዘፈኑም አንድ ነገር ልበል፤ እኔም ሸክላውን ስለምወደው ነው። «ኩሉን ማን ኳለሽ» ከሙላቱ በፊት የሠርግ ዘፈን ነበር። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌላው እያጨበጨበ ይቀበላል። ሙላቱ በ1972 (እንደ ፈረንጆች) ኒውዮርክ ላይ ቃሉን ትቶ፣ ዜማውን ለጃዝ መሣሪያዎች ሰጥቶ ቀዳው። እርስዎ የሚሳሱለት ሸክላ ራሱ ሌላ ቦታ ተወልዶ ሌላ ልብስ የለበሰ ዘፈን ነው። ክላውኑ ደግሞ ወስዶ ልጆች እያጨበጨቡ የሚቀበሉት አደረገው። ጭብጨባው ለዚያ ዘፈን ባዕድ አይደለም፤ ከእርስዎ ሳሎን ዝምታ ይልቅ ለሠርግ ቤቱ የሚቀርበው የልደቱ ግርግር ነው።

በልጆች አጫዋችነት ላይ ያለዎት ንቀት ካለም እባክዎ እንደገና ያስቡበት። በዕድሜዎ ግምት የአባባ ተስፋዬ ልጅ ነዎት። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን የኖሩት ተስፋዬ ሳህሉ የመድረክ ተዋናይና ሙዚቀኛ ነበሩ፤ ኮሪያ ለዘመተው ሠራዊታችንም እዚያው ሄደው ተጫውተዋል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉን መልስ የሰጠነው ለትልቅ ባለሙያ ነው። ልጆችን ማጫወት ትርፍ ሥራ ሆኖ አያውቅም።

ጆሮዋን የምትይዘውን ነገር በተመለከተ መጀመሪያ ድምፁን ይቀንሱት። የልጅ የጆሮ ቱቦ ጠባብ ስለሆነ ቀጭን ድምፅ ከእኛ ይልቅ ይበረታባታል፤ ለእርስዎ ልክ የሆነው ለእሷ ሊጮህባት ይችላል። የጁስ መፍጫና የመኪና ጥሩንባ ሲሰማም እንዲሁ የምታደርግ ከሆነ የጆሮ ሐኪም ይያት። ካልሆነ ግን የምትሸሸው ሙዚቃውን ሳይሆን አብሮት የሚመጣውን «እንዳትነኪ፣ እንዳትናገሪ» ይመስለኛል። መርፌውን አይስጧት፤ ሸክላ ይቧጠጣል። ልባሱን ግን ትያዘው፤ ጭንዎ ላይ ተቀምጣ ሲሽከረከር ትየው። እርስዎም እንደ እናትዎ ያንጎራጉሩላት። ድምፅዎ ጥሩ ባይሆንም ለእሷ ግድ የላትም። ከአንድ የእርስዎ ዘፈን በኋላ ደግሞ አንድ እሷ የመረጠችው ይከፈት፤ ያኔ ፊትዎን አያጥቁሩባት።

ባለቤትዎ «ትቀናለህ» ያሉዎት ቃል ያመመዎት ትንሽ እውነት ስላለበት ሊሆን ይችላል። ለዓመታት የደከሙበትን አንድ ሰው በደቂቃ ሲያደርገው ማየት ያስቀናል፤ ቢያምኑት ነውር የለውም። ለእሳቸው ግን ትልቁ ቁስል ቅናቱ አይደለም፤ በእህታቸው ቤት፣ በዘመድ ፊት ድግሱን ጥለው መውጣትዎ ነው። ስለዚህ ስለ ሙዚቃ አያስረዷቸው። «እህትሽ ቤት ያደረግኩት ልክ አልነበረም፤ ደውዬ ይቅርታ እላታለሁ» ይበሏቸው። ከዚያም በእርግጥ ይደውሉ። ስልኩ ሳይደወል ኩርፊያው አይፈታም፤ እኔ ያማከርኳቸው ባልና ሚስቶች ብዙዎቹ የሚጣበቁት እዚህ ላይ ነው፤ እርስ በርስ ይታረቁና የተቀየመውን ዘመድ ይረሱታል።

ልጅዎን ደግሞ ቁጭ ብለው፣ ዓይኗን እያዩ ይቅርታ ይጠይቋት። «ያን ቀን ስትጨፍሪ ያወጣሁሽ አንቺ አጥፍተሽ አይደለም፤ አባዬ ነው የተሳሳተው» ቢሏት ይበቃታል። ከዚያ ያጠፉትን ሸክላ መልሰው ይክፈቱት። የሙላቱ ቀረፃ ቃል ስለሌለው የፈለገችውን ልትዘፍንበት ትችላለች። «ጥርስሽን ማን ፋቀሽ» ብላ ከጀመረች ይቀበሏት፤ ያጨብጭቡላት። ክላውኑ ቀጣዩን ስንኝ ሳይል ስለወጣችሁ እሷም እርስዎም አታውቁትም። እዚያ ስትደርስ ከቆመች «ፀጉርሽን ማን ሠራሽ» ብለው እርስዎ ያውርዱላት። መልሱን ታውቀዋለች፤ «እማዬ!» ብላ መጮኋ አይቀርም፤ ጓዳ ያሉት ባለቤትዎም ይሰማሉ።