ከቆሻሻ ቅርጫቱ በኩል ሲታይ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ቤቴ ውስጥ ቆጣቢ ነኝ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ስገባ ግን መቀመጫው ላይ ሶፍት አነጥፋለሁ፣ እጄን ለማድረቅ አንድ እፍኝ ወረቀት እመዛለሁ፣ በሩን ለመክፈት ደግሞ ሌላ። ንጽሕናዬን ሳላጓድል እንዴት ልቀንስ?» ነው ያልሽው። እኔ ብዙ ሰው የሚገለገልባቸውን መጸዳጃ ቤቶች ጽዳት ለዓመታት አስተባብሬያለሁ። ስለዚህ ነገሩን የማውቀው ከቆሻሻ ቅርጫቱ በኩል ነው።

ቅርጫቱን ደጋግሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ከሚጣለው የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ብዙው ደረቅ ነው። ጫፉ ብቻ ርሶ መሀሉ ያልተነካ አለ። ሦስት አራት ሆኖ ተጣብቆ የወጣ አለ። ጭራሽ ሳይዘረጋ የተጨማደደም አለ። ሰው ወረቀት የሚመዘው ስላስፈለገው ብቻ አይደለም፤ እጁ ስለለመደም ነው። ለዚህ ነው «ትንሽ ተጠቀሚ» ማለት ብቻውን የማይሠራው። መለወጥ ያለበት ወረቀቱን ከመምዘዝሽ በፊት ያለው ነገር ነው።

ታጥበሽ ስትጨርሺ እጅሽ ላይ የሚንጠባጠብ ውኃ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ቆዳሽ ላይ የቀረ እርጥበት አለ። ወረቀቱ የተሠራው ለሁለተኛው ነው። የሚንጠባጠበው ውኃ ቦታው መታጠቢያው ሳህን ውስጥ ነው። አንዱን እጅሽን በሌላው መዳፍ ከአንጓሽ ወደ ጣቶችሽ እየጨመቅሽ አውርጂው፤ ከዚያ እዚያው ሳህኑ ውስጥ ደህና አድርገሽ አራግፊ። ወለሉ ላይ ግን አደራ! ሰው ያንሸራትታል፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም ሥራ እጥፍ ታደርጊባታለሽ።

ጆ ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2012 ቴድኤክስ በሚባለው የአጫጭር ንግግሮች መድረክ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ አጭር ንግግር አድርጎ ነበር። ምክሩ ሁለት ቃል ነው፤ አራግፍ፣ እጠፍ። 12 ጊዜ ማራገፍ፣ ከዚያ አንዲት ወረቀት አጥፎ እጅን ማድረቅ። ሰው እንዴት በዚህ ንግግር ያደርጋል ብለሽ ትስቂ ይሆናል። ግን ይሠራል። 12 ላይ ሙጭጭ ማለት አያስፈልግሽም፤ ጠብታው እስኪቆም ይበቃል።

ማጠፉስ ለምንድን ነው? ውኃ በሁለት ተጠጋግተው በሚነካኩ ወረቀቶች መሀል ገብቶ ይያዛል። ስለዚህ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ከተዘረጋችው የበለጠ ውኃ ትይዛለች። ጨምድደሽ ስትይዣት ግን ውጪዋ ብቻ ይርስና መሀሏ ደረቅ እንደሆነ ትጥያታለሽ። አጥፈሽ በመጫን አድርቂ፣ በጣቶችሽ መሀል አሳልፊያት፣ ከዚያ ገልብጠሽ ሌላውን ገጽ ተጠቀሚ። እሷኑ ይዘሽ ቧንቧውን ዝጊ፣ እሷኑ ይዘሽ በሩን ክፈቺ። ለበሩ የምትመዣት ሌላዋ ወረቀት እዚህ ላይ ቀረች።

አመዛዘዙም ቁም ነገር አለው። ውኃ በሚያንጠባጥብ እጅ የወረቀቱን አንድ ጥግ ይዘሽ ስትስቢ ጥጉ ብቻ ተቀዶ ይመጣል። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ካራገፍሽ በኋላ በሁለት እጅሽ ግራና ቀኙን ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ሳጥኑ ከልክ በላይ ተጠቅጥቆ ከሆነ ግን ምንም ብታደርጊ በክምር ነው የሚወጣው፤ ያ የሞላው ሰው ጥፋት ነው። የተረፈሽን ደረቅ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ አትጣዪው። ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፤ ሌላ ቀን ይጠቅምሻል።

እዚህ ጋ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወረቀት ለመቆጠብ ብሎ እጅን ሳያደርቁ መውጣት መፍትሔ አይደለም። እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይልቅ ጀርም በቀላሉ ይቀበላል፣ ያስተላልፋልም። ሱሪ ላይ መጥረጉም ያው ነው።

በአየር እጅ የሚያደርቀውን ማሽን በተመለከተ ሰዎች ሁለት ጎራ ለይተው ሲከራከሩ እሰማለሁ። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ በኃይለኛ ቀዝቃዛ አየር ውኃውን ገፍፈው የሚያደርቁት ማሽኖች ከወረቀትም ከድሮዎቹ የሙቅ አየር ማሽኖችም ያነሰ የካርቦን ልቀት እንዳላቸው ተገኝቷል። ጥናቱን ያሠራው ግን ማሽኑን የሚሸጠው ዳይሰን መሆኑን አትርሺ። በዓመቱ ማዮ ክሊኒክ የሚባለው የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በሚያሳትመው መጽሔት ላይ የወጣ ዳሰሳ ደግሞ ከንጽሕና አንጻር ወረቀት ይሻላል አለ፤ በተለይ ለሕክምና ተቋማት። የኔ ፍርድ ቀላል ነው። ሆስፒታል ውስጥ ወረቀቱን ያለ ጸጸት ተጠቀሚ። ሌላ ቦታ ማሽን ካለ ማሽኑን፣ ግን እስከ መጨረሻው ታገሺው። ግማሽ ደርቆለት፣ ተሰላችቶ፣ ወረቀት ሊመዝ የሚሄደው ሰው ሁለቱንም ነው ያባከነው። አስቀድመሽ ካራገፍሽ ማሽኑም ቶሎ ይጨርሳል።

መሀረብ ወይም ትንሽ የጥጥ ፎጣ መያዝ ከሁሉም ይበልጣል፤ በየጊዜው ካጠብሽውና እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ካላፈንሽው።

አሁን ወደ መቀመጫው። ይሄ ብዙ ሶፍት የሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ፍርሃትም ስላለበት በደንብ ላስረዳ። ጤነኛ፣ ያልቆሰለ የጭን ቆዳ ጥሩ መከላከያ ነው። ከመጸዳጃ ቤት በሽታ የሚይዘን በአብዛኛው በእጃችን በኩል ነው፤ እጅ የነካውን ወደ አፍ ይወስዳል። የምታነጥፊው ሶፍት ደግሞ ስስና ውኃ መጣጭ ነው። መቀመጫው እርጥብ ከሆነ እርጥበቱ በሶፍቱ አልፎ ይደርስሻል፤ ስለዚህ ያነጠፍሽው የሚሸፍነው ዓይንሽን ብቻ ነው። ከአምስት ስድስት ሶፍት ይልቅ አንድ ሁለቱን አጥፈሽ ጥቂት ሳኒታይዘር አድርጊበትና መቀመጫውን ጥረጊ፤ እስኪደርቅ ትንሽ ጠብቂ። በጣም ከቆሸሸ ሌላውን ክፍል እዪ።

እንደው ይህን ማለት ደስ አይልም እንጂ፣ መቀመጫውን የሚያረጥበው ብዙ ጊዜ ለመቀመጥ የሚጸየፈው ሰው ነው። ሳይቀመጥ አንዣብቦ ይረጫል፤ ቀጥሎ የሚገባው ያንን አይቶ ሶፍት ያነጥፋል፣ ወይም እሱም ያንዣብባል። ጠርጎና ተቀምጦ የሚወጣ ሰው ለሚቀጥለውም ሶፍት ይቆጥባል።

ትልልቆቹ ጥቅል ሶፍቶች ሲስቧቸው በራሳቸው ይሽከረከራሉ። በአንድ እጅሽ ጥቅሉን ያዝ አድርገሽ የምትፈልጊውን ያህል ቁረጪ። ይሄንንም እጠፊው፣ አታድቦልብዪው። ውኃ ካለ በውኃ ታጥቦ ለማድረቂያ ያህል ጥቂት ሶፍት መጠቀም ፍጆታውን በደንብ ይቀንሳል።

የእጅ ማድረቂያ ወረቀትን ግን በፍጹም ሽንት ቤት ውስጥ አትጨምሪ። ውኃ ሲነካው እንዳይበጣጠስ ማጠንከሪያ ይገባበታል፤ እንደ ሶፍት አይሟሟም። እርጥብ መጥረጊያዎቹም እንደዚያው ናቸው። ቱቦው ሲደፈን ወለሉ ይጥለቀለቃል፤ ያን ለማድረቅ የሚያልቀውን ወረቀት እኔ ነኝ የማውቀው።

በመጨረሻ የጠየቅሽው «ለሕንፃው አስተዳደር ምን ልበል?» የሚለውን ነው። «ወረቀት ቆጥቡ» የሚል ማስታወቂያ ከመለጠፍ በፊት ሳጥኑን ይዩት። አንድ በአንድ የሚያወጣ ሳጥን ካልሆነ ይቀየር፤ ሲሞላም ሳይጠቀጠቅ ይሞላ። በሴንሰር የሚሠራ ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ወረቀት ርዝመትና እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ በብዙዎቹ ላይ ይስተካከላል፤ ብዙ ቦታ ግን ሲተከል እንደነበረው ነው የሚቀረው። ቅርጫቱ በር አጠገብ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ በር የተከፈተበት ወረቀት ወለል ላይ ነው የሚወድቀው። በሩ ወደ ውጪ የሚገፋ ቢሆንማ በክርንሽ ከፍተሽ ትወጫለሽ፤ ለበሩ ወረቀት የሚመዝ ሰውም አይኖርም።