መልስ፦ ለመጀመሪያው የባሕር መጥለቅ ሥልጠና ምን ልግዛ?

ከለገጣፎ ወደ ጅቡቲ ለሥልጠና ስትሄድ ሙሉ ዕቃ ልግዛ ወይ ላልኸው፦ መነጽር ብቻ ግዛ። ሲሊንደሩንና የመተንፈሻ መሣሪያውን እዚያው ተከራይ፤ በባለሙያ በየጊዜው መፈተሽ አለባቸው።

መነጽሩ አፍንጫህን ጭምር የሚሸፍን ይሁን። ተራ የዋና መነጽር አይሆንም፤ ስትወርድ በውስጡ ያለውን ግፊት የምታስተካክለው በአፍንጫህ አየር እያወጣህ ነው። ሱቅ ውስጥ ማሰሪያውን ሳታጠልቅ ፊትህ ላይ አድርገውና በአፍንጫህ አየር ሳብ። እጅህን ስትለቅ ካልወደቀ ልክህ ነው። ከወደቀ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተወው።

አደራ፣ ከውሃ በወጣህበት ዕለት ወደ ቤትህ አትመለስ። እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ ለዚያው ምሽት ቲኬት ቆርጬ ነበር፤ ያስቀረኝ አሠልጣኜ ነው። ለበርካታ ቀናት ከጠለቅህ ከመብረርህ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ቆይ። በመኪናም አትቸኩል፤ ሠፈራችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ስትጠልቅ ከተነፈስኸው አየር በሰውነትህ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሊሠራ ይችላል።