አሮጌ የእንጨት ዕቃ፦ ብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሳታችሁ በፊት

ስለ አሮጌ የእንጨት ዕቃ ጽዳት ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ጥያቄያችሁ ደርሶኛል። ከመመለሴ በፊት አንድ ልመና አለኝ፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ለጊዜው አስቀምጡት። ደህና ዕቃ ሲበላሽ በብዛት የማየው በጽዳት ሰበብ ነው። በዕድሜ የመጣ ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ጋሼ፣ ከእናቴ የወረስኩት የዋንዛ ቁምሳጥን አለኝ። ሽታው ልብስ ላይ ሁሉ ይቀራል። በረኪና ልጠቀም?

በፍጹም እህቴ! በረኪና እንጨቱን ያነጣዋል፣ ያሻክረዋል፤ ሽታውም ተመልሶ ይመጣል። ሽታው ያለው ቫርኒሽ ባልነካው በውስጡ በኩል ነው። መሳቢያዎቹን በሙሉ አውጪ። የመሳቢያውን ሥርና የጀርባውን ኮምፔንሳቶ አትርሺ፣ ብዙ ሰው እሱን ይዘለዋል። መጀመሪያ አቧራውን በብሩሽ አራግፊ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጊና ጨርቅ ነክረሽ ጥሩ አድርገሽ ጭመቂ። ሲጨመቅ ጠብ የሚል ውሃ ካለው ገና ነው። ከጠረግሽ በኋላ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቂው። ሻጋታ ያለበትን ቦታ አፍንጫሽን ሸፍነሽ እኩል በእኩል በተቀላቀለ ኮምጣጤና ውሃ ጥረጊው።

ከዚያ በሮቹን ከፍተሽ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ለጥቂት ቀናት ተዪው። ጠራራ ፀሐይ ላይ እንዳታወጪው፣ ይሰነጠቃል። ያልተቀጣጠለ ደረቅ ከሰል በሳህን ውስጡ ብታስቀምጪ ይረዳል። በወይራ ማጠን ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም። ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ፣ ውስጡን በስፕሪት የተሟሟ ጎማላካ (ቫርኒሽ የሚሠራበት ሙጫ) ስስ አድርገሽ ቀቢው። ሽታውን እዚያው ያፍነዋል።

ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛዬ ላይ ነጭ ክብ ጥሎ ሄደ። ልፋቀው?

አይፋቅም። ነጭ ከሆነ እርጥበቱ የቀረው ቫርኒሹ ውስጥ ነው፣ እንጨቱ ጋ አልደረሰም። ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አንጥፈህ፣ ለብ ያለ ካውያ ያለ እንፋሎት ለጥቂት ሰከንድ አሳርፍ። አንሳና እይ፤ ካልለቀቀ ድገም። ክቡ ጥቁር ከሆነ ግን ውሃው እንጨቱን ነክቶታል፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምኖረው። ከአገር ቤት ያመጣሁት የጅማ በርጩማ በብርዱ ወራት ተሰነጠቀ። በምን ልድፈነው?

አሁን አትድፈነው ወንድሜ። የጅማ በርጩማ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ መጋጠሚያ የለውም። እንጨት ሲደርቅ ደግሞ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው ይበልጣል። አንዱ ጎን ሲጎተት ሌላው እኩል ስለማይከተል ይሰነጠቃል። እናንተ ጋ በብርድ ጊዜ ማሞቂያው የቤቱን አየር ክፉኛ ያደርቀዋል። ስለዚህ በርጩማውን ከማሞቂያው አጠገብ አርቀው። ስንጥቁን አሁን በስቱኮ ብትሞላው፣ እናንተ ጋ በሙቀቱ ወራት አየሩ ሲረጥብ እንጨቱ ያብጥና ስቱኮውን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ወይም ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። አንድ ሙሉ ዓመት ጠብቀህ እየው። ብዙ ጊዜ ስንጥቁ በሙቀቱ ወራት ይጠባል። ያለ ምንም ድፈና ሰም ብቻ ቀብተህ ብትተወው እኔ ደስ ይለኛል፤ ውበቱን አይቀንሰውም።

ቡና የሚፈላበት ጥግ ያለው ቡፌያችን ከዕጣኑ ጭስ ጠቁሯል። የሻማ ጠብታም አለበት።

ሻማውን በፌስታል በተጠቀለለ በረዶ አጠንክሩትና በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ አንሱት። በቢላ አትነካኩት። ጥቀርሻው ቅባት ስለያዘ ውሃ ብቻውን አያነሳውም። ነጭ ጨርቅ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) አርጥባችሁ፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩ። ጨርቁ ጥቁር ቡናማ እየሆነ ይመጣል፤ ጎኑን እየቀያየራችሁ ቀጥሉ። የእንጨቱ ቀለም ራሱ ጨርቁ ላይ መውጣት ከጀመረ እዚያው አቁሙ። መስኮት ይከፈት፣ ከሰሉም ምድጃውም ይጥፋ።

እንዲያብረቀርቅ የምግብ ዘይት እቀባዋለሁ። ችግር አለው?

አለው። የምንጠብስበት የፓልም ዘይት አይደርቅም። አቧራ ይይዛል፣ ይጣበቃል፣ ኋላም ይሸታል። የተልባ ዘይት ግን እየቆየ ይደርቃል፤ ስስ አድርገሽ ቀብተሽ ትርፉን ጥረጊ። እባክሽ ይቺን አትርሺ፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው። እኔ የምወደው የንብ ሰም ነው። ሰሙን ፈቅፍቀሽ አኳራጅ አፍሺበትና ከድነሽ አሳድሪው፤ ያለ እሳት ይሟሟል። ስስ አድርገሽ ቀቢና ሲደርቅ በሱፍ ጨርቅ ወልውዪው።

ከአልጋው እግር ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር ይወርዳል።

ነቀዝ ሊሆን ይችላል። ዱቄቱን ጥረጉና ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። አዲስ ዱቄት ከወረደ ውስጡ ሕይወት አለ ማለት ነው። ከሌላው ዕቃ ለዩትና የእንጨት ተባይ መድኃኒት በባለሙያ ይቀባ። ነጭ ጋዝ አታፍሱበት፤ ሽታው አይለቅም፣ እሳትም ይስባል። የአፈር መስመር ካያችሁ ግን ምስጥ ነው፣ የሚመጣውም ከመሬት ስለሆነ አልጋውን ብቻ ማከም አይበቃም።

የችፑድ (የእንጨት ፍቅፋቂ ተጣብቆ የሚሠራ ጣውላ) ቁምሳጥንም እንዲሁ ይጸዳል?

ውሃ አያስነኩት። ጠርዙ ከተላጠና እርጥበት ከገባ ያብጣል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል፤ የተላጠውን ጠርዝ ዛሬውኑ በኮላ ይለጥፉት።